እውነተኛ የአቦርጂናል ማስተማሪያዎችን እንዴት እንምረጥ? ለትምህርት ቤት ላይብረሪያን ዝርዝር መመሪያ

በ2024 መጨረሻ ላይ አንድ የልጆች መጽሐፍ በየአገሩ ከሽያጭ ወረደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ታዋቂው እንግሊዛዊ ሼፍ ጄሚ ኦሊቨር ነው። አሳታሚውም ትልቅ ስም ያለው ድርጅት ነው። በታሪኩ ውስጥ በአውስትራሊያ መሀል ባለችው በአሊስ ስፕሪንግስ አካባቢ በአሳዳጊ ቤተሰብ እጅ የምትኖር አንዲት የአቦርጂናል፣ ማለትም ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሆነች ልጅ አለች። ልጅቷ የሰው ሐሳብ ታነባለች፤ ከእንስሳትና ከዕፅዋት ጋር ትነጋገራለች። የምትጠቀምባቸው ቃላት ግን የጋሚላራይ ሕዝብ ቃላት ናቸው። የጋሚላራይ አገር ደግሞ በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ ነው፤ ከአሊስ ስፕሪንግስ በጣም ይርቃል። የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴተኞች ብሔራዊ የትምህርት ኮርፖሬሽን ተቃውሞውን አሰማ። አሳታሚውም ከማኅበረሰቡ ማንንም እንዳላማከረ አመነ።

መጽሐፉ ባይነሳ ኖሮ ብዙ የትምህርት ቤት ላይብረሪዎች ይገዙት ነበር። ጸሐፊው የታወቀ ነው፣ አሳታሚው የተከበረ ነው። "ጥሩ መጽሐፍ ነው ወይ?" ብሎ ብቻ ለሚጠይቅ ሰው ምንም ችግር አይታየውም። በዚህ ሥራ ግን መቅደም ያለባቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ታሪኩ የማን ነው? ከየትኛው አገር ነው? ፈቃዱን ማን ሰጠ? ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል?

የምሠራው በሜልበርን ምዕራብ፣ የብዙ ሐበሻ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ነው። እነዚህ ልጆች ስለሚኖሩበት ምድር ባለቤቶች መጀመሪያ የሚያነቡት እዚህ ነው። ወላጆቻቸውም ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት ልጁ ቦርሳ ውስጥ ይዞት የመጣውን ነው። ስለዚህ ይህንን ምርጫ ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። በአውስትራሊያ በላይብረሪ፣ በረዳት መምህርነት ወይም በትምህርት ቤት ምክር ቤት የምታገለግሉ ሁሉ ከዚህ በታች ያለውን በየራሳችሁ ከተማ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ደረጃ 1፦ ትምህርት ቤቱ የቆመው በማን አገር ነው?

መጽሐፍ ከመፈለጋችሁ በፊት ቦታውን እወቁ። "የአቦርጂናል ባህል" የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። አውሮፓውያን ሲመጡ በአውስትራሊያ ምድር ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ አገር፣ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ታሪክ አለው። በኬፕ ዮርክና በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከል ባሉ ደሴቶች ላይ ያሉት የቶረስ ስትሬት ደሴተኞች ደግሞ ሌላ ሕዝብ ናቸው፤ ባንዲራቸውም የራሳቸው ነው።

በካንቤራ የሚገኘው አያትሲስ በ1964 የተቋቋመ የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴተኞች ጥናት ተቋም ነው። እሱ ያወጣው የነባር ሕዝቦች ካርታ በየትምህርት ቤቱ ተሰቅሎ ይታያል። ካርታው ላይ ቀለማቱ ጠርዝ ለጠርዝ ይዋሃዳሉ። ድንበሩ በመስመር የተቆረጠ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የአካባቢውን የባህላዊ ባለቤቶች ድርጅት ፈልጉ። በቪክቶሪያ በ2006ቱ የቅርስ ሕግ መሠረት የተመዘገቡ የአቦርጂናል አካላት አሉ፤ ዝርዝራቸውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ለምሳሌ በሜልበርን የዉሩንጀሪ ወይ-ዉሩንግና የቡኑሮንግ ሕዝቦችን ታገኛላችሁ። ፐርዝ የዋጁክ ኑንጋር፣ አደሌድ የካውርና፣ መሀል ሲድኒ የጋዲጋል አገር ነው። ለቋንቋ ደግሞ ፈርስት ላንጉጅስ አውስትራሊያ ያዘጋጀው ጋምባይ የተባለው ካርታ አለ። ማኅበረሰቦቹ የቋንቋቸውን ስም ራሳቸው በመረጡት አጻጻፍ ታገኙበታላችሁ።

ይህ ለምን ይቀድማል? ምክንያቱም ብዙው ስህተት የሚመጣው ቦታን ካለማወቅ ነው። በነጠብጣብ የሚሠራውን ሥዕል ውሰዱ። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ይህ የሸራ ሥዕል የተነሳው በ1971 ከአሊስ ስፕሪንግስ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በፓፑንያ ነው። ከመካከለኛው በረሃ ሕዝቦች ጋር የተያያዘ ነው። ዲጄሪዱ የተባለው ረጅም የእንጨት መለከትም የሰሜን አውስትራሊያ ሕዝቦች መሣሪያ ነው። የሜልበርን ልጅ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ተምሮ ቢወጣ፣ ስለቆመበት ምድር ምንም አልተማረም ማለት ነው። የደቡብ ምሥራቅ ሕዝቦች የታወቁበት የመስመር ቅርጽ፣ የፖሰም ቆዳ ካባና የቅርጫት ሥራ አላቸው። የራሳቸው ትግልም አላቸው።

የግዢ ዝርዝራችሁን ከቅርብ ጀምሩ። መጀመሪያ የአካባቢው ሕዝብ፣ ከዚያ ክፍለ ግዛቱ፣ ከዚያ ሌላው።

ደረጃ 2፦ ያለውን መደርደሪያ ፈትሹ

አዲስ ከመግዛት በፊት አሮጌውን አንድ በአንድ አውርዱና ተመልከቱ። ሥራው አቧራ ያለበት ነው፣ ግን አይታለፍም። እኔ የማያቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሕዝቡ ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ብቻ ነው የሚነገረው? "ይኖሩ ነበር፣ ያድኑ ነበር" እየተባለ? በ2021 ቆጠራ 812,728 ሰዎች አቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴተኛ መሆናቸውን ገልጸዋል። ዛሬ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሐኪም፣ መምህር፣ ሹፌር፣ የፓርላማ አባል። መጽሐፉ የአንድም ሕዝብ ስም ሳይጠራ "አቦርጂናሎች እንዲህ ያምናሉ" ይላል? እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ አገሩን "አገኘው" ይላል? የድሪሚንግ ታሪኮችን (ስለ ምድር አፈጣጠርና ስለ ሕግ የሚናገሩትን የነባር ሕዝቦች ቅዱስ ታሪኮች) ያለ ምንጭ "እንደገና የተተረኩ አፈ ታሪኮች" ብሎ ያቀርባል? ሥዕሉን የሠራው ማን እንደሆነ ይታወቃል?

ጥንቃቄ የሚፈልጉት የድሮ የአንትሮፖሎጂ መጻሕፍት ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ ለወንዶች ብቻ ወይም ለሴቶች ብቻ የተፈቀዱ ሥርዓቶች ፎቶ አለ። ልጆች ሊያዩት አይገባም፤ እኛም ብንሆን። እንዲህ ዓይነቱን ከመደርደሪያ አንሱት፣ ግን ቶሎ ብላችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው የአንድ ቤተሰብ አያት ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡም ሌላ ፎቶ ላይኖረው ይችላል። ለብቻው አስቀምጡትና ከአካባቢው ማኅበረሰብ ሰው ጠይቁ።

የቀረውን ጊዜው ያለፈበትን መጽሐፍ ግን ያለ ርኅራኄ አስወግዱ። የተሳሳተ መጽሐፍ ከባዶ መደርደሪያ ይብሳል።

ደረጃ 3፦ የሠራው ማን ነው?

የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች በደንብ አንብቡ። ከሽፋኑ ይልቅ የቅጂ መብት ገጹ ብዙ ይናገራል።

የጸሐፊው ስም ቀጥሎ የየትኛው ሕዝብ ሰው እንደሆነ ተጽፎ ይሆናል። "የአቦርጂናል ዝርያ ያለው" ከሚል ደፋፍኖ ከሚያልፍ ቃል ይልቅ "የዮርታ ዮርታ ሴት" ወይም "የኑንጋር ሰው" የሚል ይሻላል። ሰዓሊውስ? ጽሑፉ የአንድ ሕዝብ ሰው ሆኖ ሥዕሉ ከሩቅ የተኮረጀባቸው መጻሕፍት አሉ። ቅጂ መብቱ የማን ነው? የጸሐፊው፣ የማኅበረሰቡ፣ ወይስ የአሳታሚው ብቻ? ምስጋናው ላይ ታሪኩን የነገሩትና ፈቃድ የሰጡት አዛውንቶች ተጠቅሰዋል?

ነባር ካልሆነ ሰው ጋር በጋራ የተሠራ መጽሐፍ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ከማኅበረሰቡ ጋር ለዓመታት የሠሩ የቋንቋ ባለሙያዎችና መምህራን አሉ። የምፈልገው ግልጽነት ነው። ማን ምን እንደሠራ፣ መብቱ የማን እንደሆነና ክፍያው እንዴት እንደሚከፋፈል ካልታየ መጽሐፉን አልወስደውም።

ጸሐፊውን ለማጣራት አውስትሊት በተባለው የአውስትራሊያ ሥነ ጽሑፍ መዝገብ ውስጥ ያለውን ብላክወርድስ የተባለውን ክፍል ተጠቀሙ። የነባር ሕዝቦችን ጸሐፊዎችና ሥራዎቻቸውን የሚመዘግብ የመረጃ ቋት ነው። የአሳታሚውን ገጽም እዩ። ማጣራት ለምን ያስፈልጋል? በ1990ዎቹ አንድ የሲድኒ ነጭ ሰው የአቦርጂናል ሴት ነኝ ብሎ በሐሰት ስም የሕይወት ታሪክ አሳተመ። መጽሐፉ ለሴት ጸሐፊዎች የሚሰጥ ሽልማት አገኘ። በ1997 ሰውዬው ራሱ እስኪናዘዝ ድረስ መምህራን ያስተምሩበት ነበር።

ይሁን እንጂ ሥራችን ማጣራት እንጂ ሰውን መፍረድ አይደለም። በአውስትራሊያ ነባር መሆን የሚታወቀው በዘር ሐረግ፣ ሰውዬው ራሱን በመግለጹና ማኅበረሰቡ ስለሚቀበለው ነው። ቆዳ አይታይም። ደራሲን ለንግግር ጋብዛችሁ "በመቶኛ ስንት ነህ?" ዓይነት ጥያቄ ከአፋችሁ አይውጣ፤ ከልጆቹም አፍ እንዳይወጣ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 4፦ የት እንፈልግ?

ከአሳታሚዎች መጀመሪያ የምሄደው ወደ ማጋባላ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ብሩም ከተማ ያለ፣ በነባር ሕዝቦች የሚመራ ለትርፍ ያልቆመ ማተሚያ ቤት ነው። ለሕፃናት ከሚሆን የሥዕል መጽሐፍ እስከ ግጥም ድረስ ያወጣል፤ ለብዙ መጻሕፍቱ የመምህር ማስታወሻም አዘጋጅቷል። የአያትሲስ ማተሚያ ክፍል አቦርጂናል ስተዲስ ፕሬስ ለከፍተኛ ክፍሎችና ለመምህራን ንባብ ጥሩ ነው። በአሊስ ስፕሪንግስ ያለው አይ.ኤ.ዲ. ፕሬስና የባችለር ኢንስቲትዩት ማተሚያ በተለይ ለመካከለኛውና ለሰሜኑ ቋንቋዎች ይጠቅማሉ።

ኢንዲጂነስ ሊትረሲ ፋውንዴሽንን ለብቻው ልጥቀሰው። ሩቅ ላሉ ማኅበረሰቦች መጽሐፍ ያደርሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ልጆቹና አዛውንቶቹ በራሳቸው ቋንቋ የሠሯቸውን መጻሕፍት ያሳትማል። በ2024 በዓለም ትልቁ ከሚባሉት የልጆች ሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች አንዱን፣ የአስትሪድ ሊንድግሬን መታሰቢያ ሽልማትን አግኝቷል። ልጆች የሠሩትን መጽሐፍ ልጆች ሲያነቡት የሚፈጠረው ነገር ሌላ ነው። ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የያዘ መጽሐፍ፣ ቤቱ አማርኛ ለሚናገር ልጅም በጣም ቅርብ ነው።

በነፃ ከሚገኙት ውስጥ በቻርልስ ዳርዊን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአቦርጂናል ቋንቋዎች ሕያው መዝገብ አለ። በሰሜናዊ ግዛት በሁለት ቋንቋ ያስተምሩ የነበሩ ትምህርት ቤቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያዘጋጇቸውን መጻሕፍት በዲጂታል ሰብስቧል። ብዙዎቹ በትንሽ ቁጥር የታተሙ ነበሩ። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ 50 ወርድስ ፕሮጀክት ከየቋንቋው ቃላትን በተናጋሪዎቹ ድምፅ ያሰማል። ናራጉናዋሊ ደግሞ ሪኮንሲሊዬሽን አውስትራሊያ ለትምህርት ቤቶች የሚያቀርበው መድረክ ነው። የትምህርት ዕቅድ፣ የመምህር ሥልጠናና ትምህርት ቤቱ የራሱን የእርቅ ዕቅድ የሚያወጣበት መንገድ አለው። ለቪዲዮ የነባር ሕዝቦች የቴሌቪዥን ጣቢያ የኤን.አይ.ቲ.ቪ.ና የኤስ.ቢ.ኤስ. ለርን ዝግጅቶችን እዩ።

ሸቀጥ ስትገዙ፣ ማለትም ፖስተር፣ አሻንጉሊት፣ የጨዋታ ካርድ፣ የበለጠ ንቁ። የአውስትራሊያ ምርታማነት ኮሚሽን በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በነባር ሕዝቦች ስልት ለተሠሩ ሸቀጦች ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላዩ የሚሄደው ነባር ያልሆኑ ሰዎች ለሠሯቸው ዕቃዎች እንደሆነ ገምቷል። ቢሩቢ አርት የተባለ ድርጅት በኢንዶኔዥያ የተሠሩ ከ18,000 በላይ ቡመራንጎች፣ ዲጄሪዱዎችና ሌሎች ዕቃዎችን አቦርጂናሎች እንደሠሯቸው አስመስሎ በመሸጡ በ2019 ፍርድ ቤት 2.3 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። የሰዓሊው ስምና ሕዝቡ ያልተጻፈበትን ዕቃ ተዉት። ሰፕላይ ኔሽን የተባለው ማውጫ ውስጥ የሚመዘገቡት ድርጅቶች ቢያንስ ግማሹ በነባር ሕዝቦች እጅ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ማውጫው ውስጥ ያልገቡ ትናንሽ የማኅበረሰብ ማዕከላት ግን አሉና ስማቸው ስለሌለ ብቻ አትለፏቸው።

ደረጃ 5፦ ይዘቱን ማንበብ

ከእውነተኛ ቦታ መጣ ማለት ለሁሉም ክፍል ይሆናል ማለት አይደለም። ሙሉውን አንብቡ። አያትሲስ የትምህርት መሣሪያዎችን ለመገምገምና ለመምረጥ የሚረዳ መመሪያ አውጥቷል፤ ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። አትማችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡት።

እኔ ስብስቡ ሚዛን እንዲኖረው እጥራለሁ። የተሰረቁ ትውልዶችን፣ ማለትም በመንግሥት ፖሊሲ ከወላጆቻቸው የተነጠቁትን ልጆች ታሪክ የሚናገሩ መጻሕፍት የግድ ያስፈልጋሉ። ፓርላማው ይቅርታ የጠየቀው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 ነው፤ ተማሪው ለምን እንደተጠየቀ ማወቅ አለበት። ግን ሐዘን ብቻ ከሆነ ልጆቹ ሕዝቡን በሐዘኑ ብቻ ያውቁታል። የሚያስቅ መጽሐፍ፣ የእግር ኳስ መጽሐፍ፣ ስለ ከዋክብት ዕውቀት፣ ስለ እሳት አያያዝ፣ ከተማ ውስጥ ስለሚያድግ ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ መጻሕፍትና ፊልሞች መጀመሪያ ላይ፣ በሞት የተለዩ ሰዎች ስም ወይም ምስል እንዳለበት ያስጠነቅቃሉ። በብዙ ማኅበረሰቦች የሟችን ስም መጥራትና ምስሉን ማየት ለሐዘንተኛው ከባድ ነው። ማስጠንቀቂያው ካታሎጋችሁም ላይ ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ሰው መጠየቅ

እስካሁን ያለው ከወንበር ሳትነሱ የሚሠራ ነው። ይህኛው ግን ግንኙነት ይጠይቃል፤ ግንኙነት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በቪክቶሪያ ትምህርት ቤቶችን የሚያግዙ የኩሪ (የደቡብ ምሥራቅ አቦርጂናሎች) ትምህርት ባለሙያዎች በመንግሥት ተቀጥረዋል፤ የቪክቶሪያ የአቦርጂናል ትምህርት ማኅበርም አለ። በኒው ሳውዝ ዌልስ የአቦርጂናል ትምህርት አማካሪ ቡድን በየአካባቢው አለ። ርእሰ መምህሩ ቀድሞ ያወቃቸው ሰዎች ካሉ በእሱ በኩል ሂዱ።

ስልክ ስትደውሉ መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ ንገሩ። ከየት እንደመጣችሁ፣ ቤተሰባችሁ የት እንደሆነ። እኛ ሐበሾች በዚህ አንቸገርም፤ ከጉዳዩ በፊት ሰላምታና ቤተሰብ መጠየቅ እናውቅበታለን። አዛውንቶቹ "አንቲ" ወይም "አንክል" ተብለው ሲጠሩ ከሰማችሁ፣ እናንተም እንደዚያ መጥራት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ሜይ 27 የሚጀምረው የእርቅ ሳምንትና በጁላይ የነባር ሕዝቦች ታሪክና ባህል የሚከበርበት የናይዶክ ሳምንት ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ለእነዚያው ጥቂት ሰዎች ይደውላል። እናንተ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ፣ በፌብሩዋሪ ደውሉ። ክፍያውንም በጀት ውስጥ አስገቡ። አንድ አዛውንት መጥተው መጻሕፍቱን ቢያዩላችሁ ያ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሻይ ጋብዞ መሸኘት ነውር ነው። "አይሆንም" ካሏችሁ ደግሞ አይሆንም ነው። ሌላ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ "እሺ" አታፈላልጉ።

ነባር ተማሪ ወይም ወላጅ ስላለ ብቻ እሱን የመልስ ሰጪ ቦታ ላይ አታስቀምጡት። ልጁ ለመማር ነው የመጣው።

ደረጃ 7፦ ካታሎግና መደርደሪያ

ጥሩ መጽሐፍ በመጥፎ ቦታ ሲቀመጥ ይበላሻል። ላይብረሪዎች መጻሕፍትን በቁጥር በሚለዩበት በዲዊ አመዳደብ የድሪሚንግ ታሪኮች ብዙ ጊዜ 398.2 ላይ፣ ከተረት ጋር ይደረደራሉ። ለባለቤቶቹ ግን ታሪኮቹ ሕግ፣ የመሬት ዕውቀትና እምነት ናቸው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለይተው በየሕዝቡ ስም ያስቀምጧቸዋል። እኔም ይህንን እደግፋለሁ። የሳይንሱን መጽሐፍ ግን ከሳይንስ፣ የስፖርቱን ከስፖርት ተዉት። ሁሉንም አንድ ጥግ ብትሰበስቡት ልጁ የሚያየው በናይዶክ ሳምንት ብቻ ይሆናል።

ካታሎጉ ላይ የሕዝቡን ስምና ቋንቋውን ጻፉ። ኦስትላንግ የተባለው የአያትሲስ የቋንቋዎች መዝገብ ለየቋንቋው መለያ ኮድ ስላለው፣ አንድ ስም በብዙ አጻጻፍ ቢመጣም አይጠፋም። ለመልካም አሠራር በ1995 መጀመሪያ የወጡትን የነባር ሕዝቦች ላይብረሪ ፕሮቶኮሎች አንብቡ።

ቅጂ ማድረግም እንዲሁ ነው። የአውስትራሊያ የቅጂ መብት ሕግ በዋናነት የሚጠብቀው ጸሐፊውን ነው፤ ጥበቃውም በአጠቃላይ ከሞቱ በኋላ እስከ 70 ዓመት ነው። የአንድ ሕዝብ ታሪክ ግን ጊዜው አያልፍም። አሮጌ መጽሐፍ በሕግ ነፃ ስለሆነ ታሪኩን ወስዶ ድራማ መሥራት ይቻላል ማለት አይደለም። ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ወደ ክፍል ማስገባት

መጽሐፉ ተገዝቶ ካልተነበበ ምን ዋጋ አለው? የአውስትራሊያ ሥርዓተ ትምህርት የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴተኞችን ታሪክና ባህል በሁሉም ትምህርቶች ውስጥ እንዲገባ ያዛል። የመምህራን ሙያ መለኪያዎች 1.4 እና 2.4ም ይህንኑ ይጠይቃሉ። መምህራኑ ያውቁታል። ብዙዎቹን የሚይዛቸው እንዳይሳሳቱ መፍራት ነው። ላይብረሪያን የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

ለምሳሌ አንዲት የሦስተኛ ክፍል መምህርት መጥታ "ለናይዶክ ሳምንት የነጠብጣብ ሥዕል ወረቀት ፈልጊልኝ" ብትላችሁ፣ "ክልክል ነው" ብላችሁ አትመልሷት። ፊቷን አዙራ ኢንተርኔት ላይ የማይሆነውን ታወርዳለች። የአካባቢውን ሕዝብ መጽሐፍ ስጧት። ልጆቹ ካርታው ላይ ትምህርት ቤታቸውን እንዲያገኙ፣ ቃላቱን ከተናጋሪዎቹ አፍ እንዲሰሙ፣ የአንድን ሰዓሊ ሥራ ከነስሙና ከነአገሩ እንዲያዩ አድርጉ። ሥዕል መሳል ካስፈለገ የሰዓሊውን ምልክት ከመኮረጅ ይልቅ፣ እያንዳንዱ ልጅ ስለራሱ ቤተሰብ ቦታ በራሱ መንገድ ይሳል። ትምህርቱን አብራችሁ አስተምሩ። በሚቀጥለው ጊዜ መጽሐፉን ራሷ መጥታ ትወስደዋለች።